መርፌውን ብቻ ነው የሰጠሁት

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ካዘዝሁት ሸቀጥ ጋር ያላዘዝሁት ነገር ተደባልቆ መጣ። መርፌው፣ ክሩ፣ ሻማው፣ የፀጉር ማስያዣውና የስልክ ገመዱ ከተደረደረበት ካርቶን ሥር አንድ እሽግ የዓሣ መንጠቆ አገኘሁ። የጫነው ሰው ተሳስቶ መሆን አለበት። ደብረ ማርቆስ ገበያ መካከል ሱቅ ለከፈተ ሰው የዓሣ መንጠቆ መላክ ለመነኩሴ የከንፈር ቀለም እንደ መላክ ነው።

ልመልሰው ብዬ ወደ ጎን አስቀመጥሁት፤ ግን እጄ አላርፍ አለ። አንዱን አውጥቼ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። ያማረ ነው፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ አለችው፤ ዓሣው አንዴ ከነከሰ በኋላ ሐሳቡን እንዳይቀይር መሆኑ ነው። የእኛ መንጠቆ ጥርስ አልነበረውም። የእኛን ዓሣ የሚያስቀረው የሞላ እጅ ፍጥነት ብቻ ነበር።

ሞላ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ፣ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ካለችው መንደር ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ላይ ሸራ ዘርግታ መርፌ፣ ክር፣ ሳሙናና የብል መድኃኒት ትሸጥ ነበር። የሞላ አባት አያ ይርዳው እህል ጭነው ሲመጡ አህያቸውን ከእኛ ሸራ ጀርባ ያስሩ ስለነበር፣ እኔና ሞላም በአህያው ምክንያት ተዋወቅን። እስከ ዛሬ ድረስ የብል መድኃኒትና የአህያ ላብ አንድ ላይ ሲሸተኝ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው።

ያኔም ቢሆን ነጋዴ ነበርሁ። ከሞላ ጋር የነበረን ሽርክና ግልጽ ነው፤ መርፌ ከእኔ፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ። መርፌውን ከእናቴ ሸራ ላይ አነሳለሁ። ትክክለኛው ቃል መስረቅ ነው፤ ነጋዴ ከሆንሁ ወዲህ ግን ናሙና መውሰድ እለዋለሁ። ሞላ መርፌውን ፍም ውስጥ ከትቶ እስኪቀላ ይጠብቃል፣ አውጥቶ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተወዋል፣ ከዚያ በሁለት ድንጋይ መካከል ይዞ ያጥፈዋል። ችኩል ሰው ከሆነ ይሰበራል። እኔ ሞክሬ ስንት መርፌ እንደሰበርሁ እናቴ እንኳ አላወቀችም። ገመዱን የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው፤ እሱም የወንድ ፈረስ መሆን አለበት። "የባዝራ ጭራ ሽንት እየነካው ይበሰብሳል፣ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ይከዳሃል" ይለኝ ነበር፤ ከአዋቂ እንደ ሰማ ሰው ድምፁን አወፍሮ። እንዲህ ያለ ነገር ማን እንደ ነገረው አላውቅም። በዚያ መንደር ዓሣ የሚያጠምድ እሱ ብቻ ነበር፤ ሰዉም "ይኼ የይርዳው ልጅ ውኃ ዳር ሲጎለት ነው የሚውል" እያለ ይስቅበት ነበር።

የዚያን ዓመት ሞላ በመንደሩ ትምህርት ቤት ስድስተኛን ጨረሰ። ሰባተኛ ያለው ከተማ፣ እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ነው። መስከረም ላይ መመዝገብ ሲገባው አያ ይርዳው ንዳድ ጥሏቸው ከረሙና እርሻው በእሱ ላይ ወደቀ። አባትየው ቀና ሲሉ ምዝገባው አልፎ ነበር። ያን ጊዜ እጁን ይዤ ወደ ሳይንስ መምህራችን ወሰድሁት፤ የምዝገባው ኃላፊ እሱ ነበር።

መምህሩ የሐይቅ አገር ሰው ነው፣ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ። በማርቆስ አየርም፣ በሥጋውም፣ በሹሮውም ቅሬታ አልነበረውም፤ ችግሩ ዓሣ ነበር። ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ ሲያስተምረን ጠመኔውን እንደ ያዘ ሐሳቡ ይጠፋና ምራቁን ይውጥ ነበር። ሞላን ከላይ እስከ ታች አየው፣ የስድስተኛ ክፍል ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

"እንዲህ ያለ ልጅ እስካሁን የት ነበርህ?" አለው።

"እርሻ ላይ ነበርሁ፣ መምህር።"

"አንድ ቦታ አለችኝ። እስከ ሰኞ እይዝልሃለሁ። ሰኞ ካልመጣህ ግን ለሌላ ሰጠኋት፤ እንዳትቀየመኝ።"

መምህሩ ምንም አልጠየቀም። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ጉዳይ ያለው ሰው ባዶ እጁን ደጅ አይረግጥም። አያ ይርዳው ይኼን ሲሰሙ ተጨነቁ። ዶሮ እንዳይልኩ የጽጌ ጾም ነው፣ ማሩ አልተቆረጠም። ሞላ ግን መልሱን በልቡ ይዞት ኖሯል። ቅዳሜ ማለዳ ወንዝ እንውረድ አለኝ።

ከመንደራቸው በላይ ወንዙ ገደል ሥር ገብቶ የሚጠልቅበት ጥቁር ኩሬ ነበር። እዚያ ውስጥ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ ክንድ የሚያህል አንድ ዓሣ ይኖራል። ሊቀመንበሩ ብለን ነበር የምንጠራው፤ ወፍራም ስለሆነ፣ ደግሞም እሱ ሁሉን እያየ ማንም እሱን ስለማያየው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሞላን ፌንጣ በላና መንጠቆውን ተፋ። ሞላም አይናደድም። "እየተማረ ነው፤ እኔም እየተማርሁ ነው" ይላል።

ትዕግሥት እኔ ያልተሰጠኝ ነገር ነው። ብርብራ የሚሉት ዛፍ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ሁሉ ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ሐሙስ ዕለት ለሞላ በብርብራ እንጨርሰው አልሁት።

"አይሆንም" አለ። "ከታች መሻገሪያው ነው። ቅዳሜ የገበያ ከብት ሁሉ እዚያ ይጠጣል። ደግሞ ብርብራ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ እንቁላል የሚያህለውን ሁሉ ነው የሚጨርሰው። ለከርሞ ምን እናጠምዳለን?"

"ለከርሞማ አንተ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነህ!"

"ሰባተኛ ክፍል የገባ ዓሣ አይበላም እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አርብ ማታ ግን ከበረሃ መድኃኒት ይዞ ከሚመጣው ሰው የለመንሁትን የብርብራ ፍሬ ከቤታችን ጓሮ በድንጋይ ወቀጥሁና የአሮጌ ሸሚዜን እጅጌ ቆርጬ፣ ሁለት ጫፉን አስሬ ሞላሁት። ለጥንቃቄ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

የጥቅምት ማለዳ ማርቆስ ላይ እንዴት እንደሚበርድ ለአገሬ ሰው አልነግረውም። ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አረጠበው። ጤፉ ማዘንበል ጀምሯል፣ የመስቀል አበባ ጠውልጎ በማሳው ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል፣ ወንዙ የክረምቱን ጭቃ ጥሎ ጠርቷል። ከውኃው ላይ የሚነሳው ጉም የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነበረው። ሞላ ሸምበቆውን ይዞ ቋጥኙ ላይ ተቀመጠ። እኔ አሹቅ እየቆረጠምሁ አጠገቡ ቁጢጥ አልሁ።

"አፍህን ዝጋ፣ ሊቀመንበሩ ይሰማሃል" አለኝ።

"ሰምቶ ይምጣ፣ አሹቁን እሰጠዋለሁ።"

ፀሐይ ወጣች። ሁለት ጊዜ ገመዱ ተነቀነቀ፣ ሁለት ጊዜ ፌንጣው ተበላ። ከመንገዱ ማዶ የገበያተኛ ድምፅ መሰማት ጀመረ። እናቴ ሸራ ስትዘረጋ ካልተገኘሁ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። እውነቱን ከተናገርሁ ግን ያጣደፈኝ የእናቴ ነገር አልነበረም። ሞላ በእኔ ዴስክ ላይ፣ ከእኔ በቀኝ በኩል ሲቀመጥ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ያን ቦታ ያገኘለት እኔ መሆን ፈለግሁ። እሱ ባልቻለው ነገር እኔ ችዬ ልገኝ ፈለግሁ።

"ሽንቴ መጣ" ብዬ ተነሳሁ። ከኩሬው በላይ ውኃው ወደሚገባበት ወጣሁና እጅጌውን ፈትቼ ሁሉንም ደፋሁት።

መጀመሪያ ነጭ አረፋ ታየ። ከዚያ ኩሬው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዝናብ ከታች ወደ ላይ የሚዘንብ ይመስል ነበር። ትንንሾቹ ቀድመው ወጡ፣ የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ብር የመሰለ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው። ሞላ ሸምበቆውን ለቀቀ። አረፋውን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጌታቸው፣ ምን አደረግህ?"

"ዓሣህን አመጣሁልህ።"

አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ውኃው ውስጥ ገብቶ ትንንሾቹን በመዳፉ እያፈሰ፣ ከጎን ጥርት ያለ ምንጭ ወደሚገባበት ጥግ ማመላለስ ጀመረ። አንዳንዱ ይንቀሳቀሳል፣ አብዛኛው ይንሳፈፋል። እሱ ሲመላለስ ሊቀመንበሩ መካከል ላይ ብቅ አለ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ። ሄጄ በሁለት እጄ አነሳሁት። ሁለት ዓመት የጠበቅነው ዓሣ እንደ ጎመን ተለቀመ።

የቀሩትን ዓሦች ወንዙ ይዟቸው ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ከታች ከመሻገሪያው ጩኸት ተሰማ። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተን አየን። ከሩቅ አገር ከብት እየነዳ የመጣ ገበያተኛ በሬው ወድቆበታል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ እግሮቹ ተገትረዋል። በሰዉ እግር መካከል የሞቱ ዓሦች ያልፋሉ።

"ውኃው ተመርዟል! ከብታችሁን መልሱ! ኧረ በሚካኤል፣ መልሱ!"

ሞላ ፊቱ አመድ መሰለ። ዓሣውን ከእጄ ተቀብሎ በቅጠል ጠቀለለውና መልሶ ሰጠኝ።

"በላይኛው በኩል ሂድ። ለመምህሩ ሞላ ላከልህ በለው።"

"አንተስ?"

"እኔ የት እሄዳለሁ? እዚህ ውኃ ዳር የሚውለው እኔ መሆኔን ማን የማያውቅ አለ? ብሸሽማ የባሰ ነው። ሂድ!"

ሄድሁ። መሮጥ ሁልጊዜም እችልበታለሁ።

መምህሩ የተከራያት ክፍል በር ላይ ቆሜ ቅጠሉን ስገልጥ የሰውዬው ፊት እንዴት እንደ በራ አልረሳውም። አገሩ ተጠቅልሎ የመጣለት ነው የመሰለው። "ማን ነው ያጠመደው?" አለኝ። አፌ ላይ የነበረው የሞላ ስም ነው። ግን መንገድ ላይ ስመጣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ነበር፤ የተመረዘ ወንዝ፣ የሞተ በሬ። የሞላን ስም ከዓሣ ጋር ማንሳት እሱን ማስጠርጠር ነው ብዬ አሰብሁ። ወይም እንደዚያ አሰብሁ ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አሳመንሁ።

"እኔ" አልሁት።

እዚያው ቡታጋዝ ለኩሶ፣ ሽንኩርትና በርበሬ አቁላልቶ ሠራው። ካልበላህ አትሄድም ብሎኝ አብረን በላን። እሱ አጥንቱን ሳይቀር መጠጠ። ከሰዓት በኋላ ሆዴን እየዳበስሁ ሞቴን ጠበቅሁ፤ ምንም አልሆንሁም። ሰኞ መምህሩ በሙሉ ጤንነቱ ጠመኔ ይዞ ክፍል ገባ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዓሣውን የበላነው ሁለታችንም ደህና ነን፤ እንግዲያስ በሬውን የገደለው ወንዙ አይደለም። ይህን በማወቄ ደስ አለኝ፣ ይህን ለማንም አልነገርሁም።

የሚካኤል ዕለት፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ መንደሩ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ የማያውቅ ወጣት ካለ ልንገረው፤ ጥፋተኛው ያልታወቀ በደል ሲደርስ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ሳይናገር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ውኃ የምትቀዳ ሴት ሁለት ልጆች አየሁ ስላለች እኔም ተጠራሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረችኝ፤ "የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ። ትርፍ ቃል ሰው ያስራል።" ከዚያ የተሻለ የንግድ ትምህርት ከማንም አላገኘሁም።

ሾላው ሥር ሕዝቡ ከመቀመጡ በፊት ሞላ ወደ እኔ ተጠጋ። በአንድ ሳምንት ከስቷል።

"ዓሣውን አደረስህለት?" አለኝ በቀስታ።

መምህሩን እኔ ነኝ ያጠመድሁት ማለቴ ትዝ አለኝና አፈርሁ። "ፈርቼ ጣልሁት" አልሁት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። "እሺ" ብሎ ወደ አባቱ ተመለሰ።

ባለበሬው ተነስቶ ተናገረ። ድሃ ሰው ነው፣ ውሸት አልነበረበትም። በሬውን ሌሊቱን ሁሉ ነድቶ እንዳመጣ፣ ወንዝ ዳር ሲደርስ ትንሽ እንዳስጋጠው፣ ውኃ አጠጥቶ ሳይጨርስ እንደ ወደቀበት ተናገረ። የሞላ ሸምበቆ ቋጥኙ ላይ ተገኝቶ መሐል ተቀምጧል፤ አረፋውም የብርብራ መሆኑን ሁሉም አውቋል። አንድ ሰው ከኋላ ተነሳና፣ ጤዛ ያልለቀቀው ሣር የተራበ በሬ ሆድ እንደሚነፋ፣ እሱም በዚሁ ምክንያት ጊደር እንደ ሞተበት ተናገረ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ነገሩን የሚመሩት ሽማግሌ ጭራቸውን አወዛወዙና ፀጥ አሰኙ።

"ይሁን" አሉ። "ሣር ከሆነ ሣር ነው። መለየት ግን አለብን። ከዚያ ዓሣ የቀመሰ ሰው አለ? የበላ ካለና በጤና ከቆመ ውኃው ነፃ ነው፤ በሬውም በራሱ ሞት ሞተ፣ ማንም ለማንም አይከፍልም። ያየ ይናገር፣ የሰማ ይናገር።"

ከዚያ የበለጠ ግልጽ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። አንድ ቃል ነው። በልቻለሁ ማለት። ወይም መምህሩ በልቷል፣ ሄዳችሁ እዩት ማለት። ግን በልቻለሁ ካልሁ ዓሣውን ከየት አመጣህ ይመጣል፣ ከዚያ ብርብራው ይመጣል፣ ከዚያ እጅጌው፣ ከዚያ እናቴ። ሞላ ከአባቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ያያል። እኔ መሬቱን አያለሁ። አንድ ጉንዳን የሣር ሰበዝ እየጎተተ ነበር፤ ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ ዛሬም አሳያችኋለሁ።

"አንተስ፣ የከተማው ልጅ?" አሉኝ ሽማግሌው። "ከዚህ ልጅ ጋር ታይተሃል። በዚህ ነገር ምን አለህበት?"

የእናቴ ጣት ክንዴን ጫን አደረገው።

"መርፌውን ብቻ ነው የሰጠሁት" አልሁ። "ለመንጠቆ።"

እውነት ነው። አንድም ፊደል አልዋሸሁም። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሸቀጥ ሸጫለሁ፣ እንደዚያ ቃል አጥርቼ የመዘንሁት ግን የለም።

ሞላን ሲጠይቁት አልመለሰም። "ብርብራውን ማን አመጣው?" ዝም። "ከአንተ ሌላ ማን ነበር?" ዝም። አያ ይርዳው ተነሱ። "አንተ ልጅ፣ በአምላክ፣ ተናገር! እኔን አስበኝ!" አሉት። እሱ ጉልበቱን አቅፎ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ዝም ያለ እንዳመነ ተቆጠረ። ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን አያ ይርዳው ለገበያተኛው እንዲተኩ ተፈረደ።

አንድ በሬ አያርስም። እንዲህ ሲሆን ሰው ሌላ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ፈልጎ ያቀናጃል፤ መቀናጆ ይባላል፣ በየተራ እየተጠማመዱ ማረስ ነው። አያ ይርዳው የንዳዱ ድካም ስላልለቀቃቸው ለመቀናጆው ጉልበት ሆኖ የቆመው ሞላ ነው። የራሳቸውን መሬት ያርሳል፣ በማግስቱ የባልንጀራውን። ሰባተኛ ክፍል የተያዘችለት ቦታ ለሌላ ልጅ ተሰጠች። እሱም ከእኔ በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤ ደህና ልጅ ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ አላናገርሁትም። መምህሩ ለዓሣው ውለታ ይሁን ለሌላ በሳይንስ አሳለፈኝ። ስምንተኛ ላይ ትምህርትና እኔ ያለ ጠብ ተለያየን። ሞላ ከታገለለት ወንበር ጎን ሁለት ዓመት ተቀምጬ የተማርሁት ይህን ያህል ነው።

ዛሬ ሞላ ሽበቱ ከእኔ ይበልጣል። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከሱቄ መጥቶ የጆንያ መርፌ ይገዛል። በሰው ፊት "ጋሽ ጌታቸው፣ እንደምን ዋሉ?" ይለኛል። እኔም "አንተ ሞላ፣ ምነው ጠፋህ?" እላለሁ። እንደዚህ ስንባባል ብዙ ዓመት አለፈን። እዚያ ያለ ሰው ቢሰማ የሱቅና የደንበኛ ሰላምታ ነው የሚመስለው።

ያን መንጠቆ ያገኘሁ ሳምንት መጣ። ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። መርፌውን ስጠቀልልለት እሽጉን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት።

"ይኼን ውሰደው። ስጦታ ነው።"

አንዱን አውጥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ጥርሱን ነካ አደረገና ፈገግ አለ። "ይኼማ ሰነፍ ይዞት ቢተኛም ያጠምዳል" አለ። ከዚያ መልሶ ወደ እሽጉ ከተተው። "የት ላጠምድበት ነው፣ ጋሼ? ወንዙን አላዩትም?"

አይቼዋለሁ። ኩሬው ግማሹ ተሞልቷል፤ ከላይ የሚወርደው የመኪና እጥበት አረፋ ነጭ ነው፣ የዚያን ቀኑን ይመስላል። ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል ነው። ፌስታሉን ለከተማው ከሚያከፋፍሉት አንዱ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አንድን ወንዝ መግደል ለሁሉም ሰው የሚሳካ አይደለም።

ያን ጊዜ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ራሱ ተናገረ። "ሞላ፣ ያን ዓሣ አልጣልሁትም። መምህሩ በልቶታል። እኔም በልቻለሁ።"

መርፌውን ወደ ኪሱ እየከተተ ነበር። ቀና አላለም።

"አውቃለሁ" አለ።

"እንዴት ታውቃለህ?"

"ሰኞ መጥቼ ነበር። ከአውጫጭኙ በፊት። ቦታዬን እንዳልነጠቅ ብዬ ባዶ እጄን መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። ቅዳሜ አንድ ተማሪዬ ዓሣ አምጥቶልኝ፣ አብረን በላነው፣ እንዲህ ያለ ከአገሬ ከወጣሁ አልቀመስሁም አለኝ። አባትህን አምጣና ያስፈርም ብሎ ሸኘኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስሁ።"

"ታዲያ ሽማግሌው የበላ አለ ወይ ሲሉ ለምን አልተናገርህም?"

አሁን ቀና ብሎ አየኝ። ያን ቀን ሾላው ሥር ያየኝ ዓይን ነው፣ ዙሪያው ብቻ ተሸብሽቧል።

"እኔ ብናገር አንተን አሳልፌ መስጠቴ አይደለም? አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።"

"እስከ መቼ?"

"በሬውን ከበረት አውጥተው እስኪነዱት" አለ። "ከዚያ በኋላ ሥራ በዛብኝ።"

የመርፌውን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ "ደህና ይዋሉ" ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች የስልክ ገመድ ፈልገው ሲገቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ በፊቱ አለፈ። ያኔ አያ ይርዳው አህያቸውን የሚያስሩበት ቦታ ላይ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ተከፍቶበታል።

እሽጉ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፤ አልመለስሁትም፣ ዋጋም አልለጠፍሁበትም። ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ የጥቅምት ቀን፣ አንድ ቃል ተፈለገብኝ። ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ስናገር እውላለሁ። መርፌ ስጡኝ፣ ክር ስጡኝ፣ ፌስታል ስጡኝ ይሉኛል። የበላ ሰው አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።